የተሰፋው ቅንድብ

አሰልጣኜን እጠላቸው ነበር። ዛሬም ስለ እሳቸው ሲወራ ደሜ ይፈላል። ቢሆንም አንድ ቀን እንኳ አንተ ብያቸው አላውቅም፤ በዕድሜ አባቴን ያህላሉ።

የምንለማመደው ደሴ ውስጥ፣ ከፒያሳ ዝቅ ብሎ ባለ አሮጌ መጋዘን ነበር። ብርዱ ትንፋሻችንን እያሳየ ገመድ እንዘላለን፣ አሸዋ የተሞላ ከረጢት እንደበድባለን። እኔ በዚያን ጊዜ ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ ተቀጥሬ ስለነበር ከፈረቃ ስወጣ ሚኒባስ ይዤ የሐረጎን ዳገት ሽቅብ እወጣለሁ። እግሬ ፈጣን ነው። ግራ እጄም ደርሶ ሲመለስ አይታይም። ከመምታት ይልቅ አለመመታት ያስደስተኝ ነበር፤ ሰውዬው በሙሉ ኃይሉ ሲሰነዝር እኔ በአንዲት ስንዝር ሸሽቼ ቡጢው አየር ላይ ሲቀር። ለማየት የሚመጡ ሰዎች ይወዱልኛል። አሰልጣኙ ግን ፊታቸውን ያጠቁራሉ። «አንተ አትማታም፣ ትጨፍራለህ» ይሉኛል፣ ሰው ሁሉ እየሰማ። ሦስት ዓመት ሙሉ አንዲት ጥሩ ቃል ከአፋቸው አልወጣችልኝም።

የዞኑን ቡድን ለመምረጥ ውድድር ሲደረግ በኔ ክብደት የቀረነው ሁለት ሰዎች ነበርን። ሌላኛው የኮምቦልቻ ልጅ ይባል እንጂ የቦሩ ሜዳ ገበሬ ልጅ ነው። እኔ የምሠራበት ፋብሪካ ውስጥ ጭነት ክፍል ይሠራል። ጓደኛሞች አልነበርንም። ቢሆንም አሰላሙ ዓለይኩም ተባብለን ምሳችንን አንድ አግዳሚ ላይ የምንበላበት ቀን ብዙ ነበር፤ ስለ ቦክስ የሚገባው ሰው በግቢው ውስጥ ከሱ ሌላ አልነበረም።

ውድድሩ አሥር ቀን ሲቀረው ምሳ ላይ ቅንድቡን አየሁት። ከፀጉሩ ሥር ቀይ መስመር አለ። ምን ሆነህ ነው ብዬ ጠየቅኩት። አሰልጣኙ በሌለበት ብቻውን ሲለማመድ ተሰንጥቆ እንደነበር፣ ስፌቱ ከወጣ ገና ሁለት ቀኑ እንደሆነ ነገረኝ። ቆዳው ገጥሟል፣ እሱ ግን ይፈራዋል። «ለአሰልጣኜም አልነገርኩም፤ ካወቀ ያስቀረኛል» አለኝ። ከዚያ ወሬ ቀይረን በላን።

በማግስቱ ለአሰልጣኜ ነገርኳቸው። ለምን እንደነገርኳቸው እያወቅሁ አላውቅም ብዬ ብዙ ዓመት ኖሬያለሁ። እውነቱ ይህ ነው፦ ደስ እንዲላቸው ፈልጌ ነበር። እሳቸውም በሦስት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ።

ግጥሚያው እሑድ ከሰዓት በኋላ ኮምቦልቻ ውስጥ፣ ሰው ጢም ባለበት አዳራሽ ተካሄደ። የመጀመሪያው ዙር የኔ ነበር። በሕይወቴ እንደዚያ ተጫውቼ አላውቅም። ቅንድቡን ትቼ አገጩንና ሆዱን እመታለሁ፣ እሱ ሲመጣ እኔ የለሁም። እሱም ጎበዝ ነበር፤ ሁለቴ ደህና አድርጎ አግኝቶኛል። የኮምቦልቻ ሰዎች ራሳቸው ሲያጨበጭቡልኝ ሰማሁ። ደወሉ ተደውሎ ጥጌ ላይ ስቀመጥ አሰልጣኙ ውሃ እንኳ አልሰጡኝም።

«ቅንድቡን ምታ።»

እየመራሁ መሆኔን ነገርኳቸው። እርጥቡን ፎጣ አንገቴ ላይ ጣሉና ዳኞቹ የማን አገር ሰዎች እንደሚመስሉኝ ጠየቁኝ፤ በነጥብ እዚህ ማንም ደሴን አያሳልፍም አሉ። ከዚያ ጆሮዬ አጠገብ መጥተው፣ «ሰው ሊያጨበጭብልህ ከሆነ የመጣኸው፣ አሁኑኑ ፎጣውን ልወርውረውና እንሂድ» አሉኝ።

ሁለተኛው ዙር ሲጀመር ላለመስማት ሞከርኩ። ምናልባት አንድ ደቂቃ። ከዚያ እጄ ሄደ። መጀመሪያ አንድ፣ ደግሞ አንድ፣ ሦስተኛውን ቆዳው እንዲቀደድ ጓንቴን ጠምዘዝ አድርጌ መታሁት። ቅንድቡ ተከፈተ፣ ደሙ ዓይኑ ውስጥ ገባ። ማየት ሲያቅተው እንኳ ሁለት ጊዜ ሰነዘረ። የመሐል ዳኛው አስቆመና ሐኪሙን ጠራ። የኔን እጅ ከፍ አደረጉት።

እሱ በአንድ ዓይኑ አየኝ። ቁጣ ቢሆን ይቀለኝ ነበር። ነገሩ እስኪገባው ድረስ የሚያስብ ሰው ፊት ነበር፣ ከዚያ ገባው።

ሰዉ የውሃ ኮዳ እየወረወረብን ወጣን። ሚኒባስ ውስጥ አሰልጣኙ ሐረጎን እስክንጨርስ አወሩ፤ እንደዚያ ሲስቁ አይቻቸው አላውቅም። ጥሩ ተጫውቶ የተሸነፈን ሰው በሳምንቱ ማንም እንደማያስታውሰው ደጋግመው ነገሩኝ። እኔ መስኮቱን እያየሁ ጠላኋቸው።

ሰኞ ሥራ ስገባ ሦስተኛው ቡጢ ከኔ ቀድሞ ደርሷል፤ አንዱ በስልኩ ቀርጾት ኖሮ ግቢው ሁሉ ሲያየው ነበር። ምሳ ሰዓት ላይ ስቀመጥ አግዳሚው ላይ የነበሩት ሦስት ሰዎች ሳህናቸውን ይዘው ተነሱ። እሱ አልነበረም። ለዓይኑ ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ሄዷል አሉ። ዓይኑ እንደተረፈ እስክሰማ ድረስ ሁለት ሳምንት እንቅልፍ አልነበረኝም። ይህንንም የምናገረው እንዲታዘንልኝ አይደለም።

አንድ ቅዳሜ አሰልጣኙን ፒያሳ፣ ዘወትር ከሚቀመጡበት ሻይ ቤት አገኘኋቸው። ከጓደኞቻቸው ጋር ነበሩ። ግጥሚያው እንዲደገም ለዞኑ እንዲያመለክቱልኝ ጠየቅኩ። አሸናፊ ድጋሚ ሲጠይቅ ሰምተው እንደማያውቁ ተናግረው ሳቁ። ያን ጊዜ ድምፄ ከፍ አለ። ነውረኛ ያደረጉኝ እርስዎ ነዎት፣ ስፖርት ሳይሆን ሰው ማረድ ነው ያስተማሩኝ አልኳቸው።

ስኒያቸውን ቀስ ብለው አስቀመጡ። «ቅንድቡ መቁሰሉን ማን ነው የነገረኝ? ከልጁ ጋር ምሳ የበላሁት እኔ ነኝ እንዴ?»

ወጣሁ፤ ከዚያ ቀን ወዲያ መጋዘኑን አልረገጥኩም። ዛሬም ድረስ ከሁሉም በላይ የምጠላቸው በዚህ ነው፤ ልክ በመሆናቸው።

ዞኑን ወክዬ ወደ ትልቁ ውድድር ግን ሄድኩ። ቀረሁ ብል እንዴት ባማረልኝ። ስሜ ዝርዝሩ ላይ ነበርና ሄድኩ፣ በመጀመሪያው ግጥሚያ በነጥብ ተሸነፍኩ፣ ተመለስኩ። የተጫወትኩትም የሚወራለት አልነበረም።

ስመለስ ጭነት ክፍል ሄጄ ምስጢሩን ያወጣሁት እኔ መሆኔን ለራሱ ነገርኩት። ማወቁን ነገረኝ፤ ለሌላ ለማንም አልነገረምና። ቅንድቡ ላይ ፀጉር የማያበቅል ወፍራም ጠባሳ ነበር። አውፍ በለኝ አላልኩትም፤ ግጠመኝ፣ እንደፈለግህ ምታኝ አልኩት። እሱም ዓርብ ከሶላት በኋላ እነሱ ከሚለማመዱበት ቤት እንድመጣ ነገረኝ።

ዳኛ አልነበረም። ከክለቡ ሁለት ሰዎች ግድግዳውን ተደግፈው ቆሙ፣ አንዱ ሰዓት ያዘ። እንዲሰብረኝ ነበር የሄድኩት፤ አፍንጫዬን ሰብሮ፣ ደሜን አፍስሶ እኩል እንድንሆን። እሱ ግን ቦክስ ተጫወተ። ሦስት ዙር ሙሉ ቡጢዬ አየር ላይ ቀረ። በግራው ይነካኛል፣ አቅጣጫ ይቀይራል፣ ደግሞ ይነካኛል፤ ሊጎዳኝ ሲችል አልጎዳኝም። ተናድጄ በጭንቅላቴ ልገባበት ሞከርኩ፣ አሁንም በነውር። ትከሻዬን ይዞ ወደ ጎን አሳለፈኝ። ከቅርብ ካየሁት ቦክስ ሁሉ ያ ይበልጣል። ያዩትም ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው፤ በየትኛውም ወረቀት ላይ አልተጻፈም።

ሲያበቃ ጓንቱን በጥርሱ ፈታ። ሊጨብጠኝ ይሆናል ብዬ እጄን አነሳሁ።

«ወላሂ፣ ካሁን በኋላ ሰላምታህን አልፈልግም» አለኝ፣ ድምፁን ሳያሰማ ማለት ይቻላል። «ሥራ ቦታም ቢሆን።»

ማሸነፍ ይበልጣል ወይስ ጥሩ መጫወት ብለው ሻይ እየጠጡ የሚከራከሩ ሰዎችን አልወድም። ዋናው ማሸነፍ ነው የሚለውን አልወደውም፣ ዋናው መሳተፍ ነው የሚለውንም እንዲሁ። ሁለቱም የሰው ቅንድብ ከፍተው አያውቁም።

በዚያው ፋብሪካ ሁለት ዓመት አብረን ሠራን። በየቀኑ ማለት ይቻላል በመጫኛው በር እንተላለፍ ነበር፤ እኔ አንገቴን ዝቅ አደርጋለሁ፣ እሱ ፊቱን ሳያዞር ያልፋል።