በዘምዘም የተበጠበጠው መርፌ

ነገሩ የሆነው ካቻምና፣ ረመዳን ሊገባ ሦስት ሳምንት ገደማ ሲቀረው ነው። በላብራቶሪ ሥራ ብዙ ዓመት ቆይቻለሁ፤ የተሳሳተ ውጤት ሰጥቼ የተወቀስኩበት ጊዜም አለ። በዚህኛው ግን የሰጠሁት ውጤት ትክክል ነበር፤ ሰው ልጎዳ የነበረውም በእሱው ነው። ስለዚህ አይረሳኝም።

የምሠራው ወልድያ፣ አንድ የግል ክሊኒክ ውስጥ ነው። አጎቴ ሐጂ ሰይድ ደግሞ መርሳ ይኖራሉ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ግራና ከተማ ገበያ ላይ እህል ሲነግዱ፣ ኩንታል ሲያነሱና ሲጥሉ ጉልበታቸው አለቀ። በዚያን ጊዜ ወንበር ላይ ተቀምጠው መስገድ ከጀመሩ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል። ከሕመሙ ይልቅ የሚያንገበግባቸው ወንበሩ ነበር። "ግንባሬ መሬት ሳይነካ ልሞት ነው" ይሉ ነበር።

ዱባይ ያለችው ልጃቸው ይህን ስትሰማ ኢንተርኔት ላይ ከሚሸጥ ሰው ፔፕታይድ የሚባል የመርፌ መድኃኒት ገዝታ ላከችላቸው። አውራ ጣት የሚያክሉ ስድስት ብልቃጦች ናቸው፤ ውስጣቸው ነጭ ዱቄት አለ። የጉልበት መገጣጠሚያ ይጠግናል ተብሏል። ያዘዘው ሐኪም የለም፤ የሠራው ፋብሪካ ስምም አልተጻፈበትም። ሐጂ ሞኝ አይደሉምና ሁለቱን ብልቃጥ በመሐረብ ቋጥረው ወልድያ ድረስ ይዘውልኝ መጡ።

"ንጹሕ መሆኑን እይልኝ። አንተ ንጹሕ ነው ካልከኝ እወጋለሁ፤ ካላልከኝ እተወዋለሁ" አሉኝ።

እምቢ ማለት ነበረብኝ። ግን አጎቴ ናቸው። እውነቱን ለመናገር ደግሞ ሰው እንዲህ ሲያምነኝ ደስ ይለኛል። ዱቄቱን ከፋርማሲያችን በወሰድኩት የመርፌ ውሃ በጠበጥኩትና ጀርም የሚበቅልበት ሳህን ላይ አፍስሼ ማሞቂያው ውስጥ አስቀመጥኩት። በሦስተኛው ቀን፣ ዓርብ ጠዋት ሳየው፣ ሳህኑ እንዳስቀመጥኩት ነው። ደወልኩላቸው።

"ሐጂ፣ ምንም አልበቀለም።"

"አልሐምዱሊላህ! ጀዛከላህ ልጄ። እንግዲያው ዛሬ ከጁምዓ መልስ እወጋለሁ። ጤና ጣቢያ ይሠሩ የነበሩት ጎረቤታችን ድሬሰሩ ይወጉኛል" አሉ።

ስልኩን ልዘጋ ስል፣ እንዲያው ለወጉ ያህል፣ "በምን ይበጠብጡታል?" ብዬ ጠየቅኋቸው።

"በዘምዘም ነዋ! ከሱ የጸዳ ውሃ ከየት ይመጣል?"

የዘምዘሙን ጀሪካን አውቀዋለሁ። ከአራት ዓመት በፊት ከሐጅ ሲመለሱ ከመካው የተቀደሰ ምንጭ ያመጡት ነው። ሰፈሩ ውስጥ ሰው ሲታመም እሳቸው ቤት ይሄዳል። ሐጂም ቢስሚላህ ብለው በጀሪካኑ ክዳን ይቀዱና ያስጎነጩታል። ከዚያ ያንኑ ክዳን መልሰው ይገጥሙታል። ወባ የያዘኝ ጊዜ እኔም በዚያ ክዳን ጠጥቻለሁ።

"ሐጂ፣ አይሆንም! ለመጠጥ እንጂ ለመርፌ አይሆንም" አልኩ።

"ዘምዘምን ነው የምትጠረጥረው? አስተግፊሩላህ በል!" ብለው ጆሮዬ ላይ ዘጉት። እስከ እኩለ ቀን ደጋግሜ ስደውል ስልካቸው ጠፍቷል።

ነጭ ጋውኔን እንኳ ሳላወልቅ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። መንገድ ላይ ሲሪንቃ ስንደርስ ረዳቱ ሰው ሲያወርድና ሲጭን የቆየው ጊዜ ዓመት ሆነብኝ። መርሳ ስደርስ ሐጂ ከመስጊድ ተመልሰዋል፤ ሱሪያቸውን እስከ ጭናቸው ሰብስበው አልጋ ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል። ጡረታ የወጡት ድሬሰር የተሞላውን መርፌ ይዘው ቆመዋል።

"ይቆዩ!" ብዬ ገባሁ። "ሐጂ፣ እኔ የጠረጠርኩት ዘምዘሙን አይደለም። ክዳኑን ነው። ስንት በሽተኛ ጠጥቶበታል?"

በጣታቸው መቁጠር ጀመሩ። ድሬሰሩ መርፌውን አስቀመጡት። እኔም ይዤው ወደ ወልድያ ተመለስኩና ሌላ ሳህን ላይ አፈሰስኩት።

ሰኞ ዕለት ሳህኑን በደንብ አሽጌ መርሳ ወሰድኩላቸው። ነጭና ቢጫ ነጠብጣብ ሞልቶታል፤ ጠርዙ ላይ ሻጋታ ጀምሯል። ሐጂ መነጽራቸውን አድርገው ብዙ አዩት።

"ደጄን የረገጠ በሽተኛ ሁሉ እዚህ አለ በለኛ!" አሉና ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ ከመርፌው የዳኑ መስሎኝ ነበር።

ከዚያ ግን፣ "ይሁን። አንተ በበጠበጥክበት በመርፌ ውሃ ብወጋውስ? ዱቄቱን ንጹሕ ነው ብለኸኛል" አሉ።

"ጀርም አላገኘሁበትም ነው ያልኩት፤ እሱም በሁለት ብልቃጥ፣ በሦስት ቀን። ዱቄቱ ራሱ ምን እንደሆነ አላውቅም ሐጂ። ያን የሚለይ መሣሪያ የለንም። የተባለው መድኃኒት ይሁን ሌላ ነገር፣ ከምን ጋር እንደተቀላቀለ፣ መጠኑ ስንት እንደሆነ አላየሁም።"

መነጽራቸውን አወለቁ።

"ታዲያ ይሄን ዓርብ ጠዋት ለምን አልነገርከኝም?"

አልተቆጡም። ዝም ብለው ነው የጠየቁኝ። እሳቸው ንጹሕ ነው ወይ ብለው ጠየቁኝ፤ እኔ የማውቀውን ቁራጭ ብቻ መለስኩና እንደ ሙሉ መልስ እንዲወስዱት ተውኳቸው።

የቀሩትን ብልቃጦች አውጥተው ሰጡኝ፤ ክሊኒካችን ቆሻሻ በሚያቃጥልበት ተቃጠሉ። ዘምዘሙን ግን የትም ሊደፉት አልፈለጉም። ጓሯቸው ካለው ማንጎ ሥር ቢስሚላህ ብለው አፈሰሱት።

ከዚያ ወዲህ ለሰው ውጤት ስሰጥ ያላየሁትንም ጨምሬ እናገራለሁ። አንዳንዱ ይሰለቻል፤ ይሰልች። መርሳ በሄድኩ ቁጥር መስጊድ ከሐጂ ወንበር ጎን እቆማለሁ። በሕይወት ስላሉ ደስ ይለኛል። ለሱጁድ ወርጄ ግንባሬ ምንጣፉን ሲነካ ግን ያቺ የዓርብ ጠዋት መልሴ ትዝ ትለኛለችና ሁሌም አፍራለሁ።