አጣሪልኝ

አሰላ የመጣሁት ተመድቤ ነው፣ ከጎጃም፤ የውሃ ምርመራ ላቦራቶሪ ውስጥ እሠራለሁ። ሥራው አሰልቺ ነው። ወረቀት የሚመስል ነጭ፣ ክብ ነገር አለ፤ ሜምብሬን እንለዋለን። በእሳት ባለፈ ወረንጦ ጫፉን ይዤ ማጣሪያው ላይ አነጥፈዋለሁ፣ ውሃውን አፈስበታለሁ፣ ፓምፑ ውሃውን ስቦ ያወርደዋል፤ ጀርም ካለ እላዩ ላይ ይቀራል። ከዚያ ጀርም የሚመገበው ነገር ያለበት ሳህን ላይ አስተኝቼ ኢንኩቤተር ውስጥ አሳድረዋለሁ። በማግስቱ ቢጫ ነጠብጣብ ካበቀለ ውሃው ሰገራ ነክቶታል፤ ካላበቀለ ንጹሕ ነው። ከሰው እንዲህ ቁርጥ ያለ መልስ አይገኝም፤ ብሰለችም ሥራዬን የማልጠላው ለዚህ ነው።

ሴትዮዋ የመጣችው ከዲክሲስ በኩል ነው፣ ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ ጫማዋ ጭቃ ብቻ ሆኖ። በእኔ ዕድሜ ትሆናለች። "አጣሪልኝ" አለችኝ። ውሃ አጣርተን የምንሰጥ የሚመስለው ሰው ሁልጊዜ እየመጣ ስለሚያታክተኝ ቆጣ አልኩና፣ እኛ እንመረምራለን እንጂ አናጣራም፣ ማጣሪያ ከፈለግሽ ሱቅ አለልሽ አልኳት። አልተቀየመችም። በተሰባበረ አማርኛ ቀስ ብላ አስረዳችኝ። ልጇ በተቅማጥ ሞቶባታል። ጎረቤቱ የየራሱን ይላል፤ ቡዳ ነው የሚል አለ፣ የበላው የባቄላ እሸት ነው የሚል አለ፣ የጤና ኤክስቴንሽኗ ደግሞ ምንጩ ነው ብላታለች። እንዳጣራላት የፈለገችው ውሃውን ሳይሆን እውነቱን ኖሯል።

አፈርኩ። የተቀቀለ ንጹሕ ጠርሙስ ሰጠኋትና አፉን በእጅሽ እንዳትነኪ፣ አታለቅልቂው፣ ሞልተሽ ቶሎ አምጪ አልኳት። በማግስቱ ጠርሙሱን በነጠላዋ ጠቅልላ፣ አቅፋው መጣች። ከምንጩ ነው ወይ ስላት አዎ አለች፤ እውነቷን ነበር። ውጤቱን ለመስማት አሰላ ዘመድ ቤት አደረች።

ጠዋት ሳህኑን ስከፍተው ሜምብሬኑ እንዳስቀመጥኩት ነጭ ነው፤ አንድም ነጠብጣብ የለበትም። የራሴ ጉዳይ የተሳካ ያህል ደስ አለኝ። በሩ ላይ ስትደርስ "ውሃው አይደለም፣ እህቴ" አልኳት። ግድግዳውን ተደግፋ ተቀመጠችና አለቀሰች፣ መረቀችኝ። ልትሄድ ስትነሳ፣ እንዲያው ለወሬ ያህል፣ ውሃውን ከማምጣቷ በፊት እንጨት ሳትሰስት በደንብ እንዳፈላችው ነገረችኝ። ልጇ ከሞተ ወዲህ ሳታፈላ ለማንም ውሃ አትሰጥም፤ መንግሥት ቤት የሚሄድ ውሃማ ጥሬውን ማቅረብ ነውር ነው።

ዝም ማለት እችል ነበር። እስካሁንም ዝም ባልኳት ኖሮ እላለሁ። ግን የመንደሩ ልጅ ሁሉ የሚጠጣው ከዚያ ምንጭ ነው። ሌላ ጠርሙስ አውጥቼ፣ ጥሬውን አምጪልኝ፣ እሳት ያልነካውን አልኳት። ለምን እንደሆነ ሲገባት ፊቷ ላይ አየሁት። ትቀራለች ብዬ ነበር፤ አልቀረችም።

ሁለተኛው ሜምብሬን ቢጫ ብቻ ሆኖ አደረ። ነጠብጣቡ እርስ በርሱ ተደራርቦ የሚቆጠር አልነበረም። ሳህኑን ልደብቅባት አስቤ ነበር፣ አሳዪኝ አለች። አጎንብሳ ብዙ አየችው። እኔ ጭንቅ ሲለኝ ቶሎ ቶሎ ማውራት ጀመርኩ፤ ይህ የሚናገረው ስለ ዛሬው ውሃ ነው፣ ያኔ የነበረውን ማንም አያውቅም፣ በሌላ ነገርም ሊሆን ይችላል፣ ለቀበሌው ተነግሮ ምንጩ ክሎሪን ይገባበታል አልኳት። የምትሰማኝ አልመሰለኝም።

"ታሞ እያለ ምግብ እንቢ አለ" አለች፣ ዓይኗን ከሳህኑ ሳታነሳ። "ቢሻን፣ ቢሻን ብቻ ይለኛል፤ ውሃ። በጠየቀኝ ቁጥር እየቀዳሁ ሰጠሁት። ጠጣልኝ ብዬ ደስ ይለኝ ነበር።"