የእንቁራሪት ጭራና የፍልሰታ ቋንጣ

በበሬ አንገት ውስጥ ባለች አንዲት እጢ የተነሣ ሚስቴን ሳላገባት ላጣት ነበር። በመጠጥ ወይም በድህነት ሚስቱን ያጣ ሰው ብዙ አውቃለሁ፤ በእንቁራሪት የተነሣ ያጣ ግን እስከ ዛሬ አልገጠመኝም።

ነገሩ የሆነው በሃምሳዎቹ ዓመታት፣ ወረታ ውስጥ የሳይንስ አስተማሪ ሳለሁ ነው። ክረምት ገብቶ ትምህርት ቤቱ ተዘጋ፤ የፎገራ ሜዳም እንደ ልማዱ ውኃ ለበሰ። ባልደረቦቼ ሁሉ ወደየአገራቸው ሲሄዱ እኔ ቀረሁ። ያስቀረችኝ እጮኛዬ ናት። አባቷ ከርብ ወንዝ ማዶ ከብት የሚያረቡ ገበሬ ናቸው። ሽማግሌ ልኬባቸው እሺ ብለዋል፤ ሠርጉም ለጥር ተቀጥሯል። ልጅቱን የማውቃት ይፋግ ገበያ ላይ ከሩቅ በማየት ብቻ ነው። ቢሆንም እወዳት ነበር፤ ምን እሸፋፍናለሁ።

ሥራ የፈታ አስተማሪ አርፎ አይቀመጥም። እኔም ለመስከረም ተማሪዎቼን የማስገርምበት ነገር ፈለግሁ። ከጉሮሮ ሥር ታይሮይድ የምትባል እጢ አለች፤ ስታብጥ እንቅርት የምንላት እሷን ነው። የእንቁራሪት ልጅ የከብት ታይሮይድ ከበላች ያለ ጊዜዋ እግር አብቅላ ጭራዋን ታጣለች ሲባል ተምሬ ነበር። ይህን በዓይኔ ልይ አልሁ። ፎገራ በክረምት እንቁራሪት አይቸግረውም። ከደጄ ኩሬ ባለ ጭራዎቹን በጣሳ ቀድቼ በሁለት ሳህን ከፈልኋቸው። አንደኛው ሳህን የተቀቀለ ጎመን ብቻ ይበላል፤ ሁለተኛው ጎመንና እጢ።

የቸገረኝ እጢዋ ነበረች። ፍልሰታ ገብቷል፤ በፍልሰታ ሕፃኑም ሳይቀር ይጾማልና የሚያርድ ክርስቲያን የለም። ሱቅ ያላቸው ሙስሊም ጎረቤቴ ግን ለወገኖቻቸው ያርዱ ነበር። በእኛ አገር ክርስቲያን የሙስሊም ሥጋ፣ ሙስሊምም የክርስቲያን ሥጋ አይበላም፤ የበላ ሃይማኖቱን እንደ ለወጠ ይቆጠራል። እኔ ግን የምበላው እኔ አይደለሁም ብዬ ልቤን ሞልቼ ሄድሁ።

«በጾም?» አሉ ጎረቤቴ ቢላዋቸውን እየጠረጉ። «ምነው መምህር፣ ምን ነካህ?»

«ለእኔ አይደለም፤ ለእንቁራሪት ነው።»

ከላይ እስከ ታች አዩኝና በሳቅ ፈረሱ። «ልጄ፣ ሰው ከጠየቀህ በላሁ በል። እሱ ይሻልሃል።»

እጢዋን ሰጡኝ። እንዳትሸት ሰንጥቄ ከምድጃው በላይ ሰቀልኋት፤ ስትደርቅም እየፈረፈርሁ ለሁለተኛው ሳህን እሰጥ ጀመር። በመስኮቴ በኩል ያለፈ ሰው ያየው ግን ቋንጣ ነው። በፍልሰታ የተሰቀለ ቋንጣ፣ ያውም ከሙስሊም ቤት የመጣ! በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ይሉሃል ይኸ ነው። ወሬው ርብን ለመሻገር ታንኳ አላስፈለገውም።

ጾሙ ሊፈታ ጥቂት ሲቀረው የእጮኛዬ አባት እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ሆነው ደጄ ላይ ቆሙ። ይግቡ ብላቸው አልገቡም።

«ልጄን ለሰለመ አልሰጥም» አሉ። «ቃሌን ላነሣ ነው የመጣሁ።»

መማል ጀምሬ ነበር፤ ፊታቸውን ሳይ ግን መሐላ እንደማይበጀኝ ገባኝ። «አባቴ፣ ቋንጣውን የሚበሉትን ላሳይዎ» ብዬ ሁለቱንም ሳህን አወጣሁ።

በአንደኛው ባለ ጭራዎቹ እንደ ነበሩ ይዋኛሉ። በሁለተኛው ጥፍር የማያህሉ፣ አራት እግር ያላቸው እንቁራሪቶች ሳህኑ ውስጥ ካኖርሁት ጠጠር ላይ ወጥተው ተቀምጠዋል። ሰውየው ዱላቸውን ተደግፈው ቁጢጥ አሉ።

«እነዚህስ ተየት መጡ?»

«የነዚያ ወንድሞች ናቸው። ከአንድ ኩሬ ነው የቀዳኋቸው።»

«ጭራቸውን ማን ቆረጠው?»

«ማንም። ከእጢዋ መልእክት ይመጣል። እግሩን እደግ፣ ጭራውን ሙት ይለዋል።»

«አንዱ መልእክት?»

«አንዱ።»

«ታዲያ እግሩ እደግ ብሎ የሰማውን ጭራው እንዴት ሙት ብሎ ይሰማል?»

«አላውቅም» አልሁ።

እውነቴን ነው፤ ያን ጊዜ የሚያውቀው አልነበረም። በኋላ ግን እሳቸው የጠየቁትን ጥያቄ መልስ እየተከታተልሁ አረጀሁበት። በየሕዋሱ ውስጥ መልእክቱን የሚቀበሉ ፕሮቲኖች አሉ፤ የትኛው ሥራ ይነሣ፣ የትኛው ይቁም የሚሉ እነሱ ናቸው። በእግሩ ሕዋሳት ውስጥ እደጉ፣ ተባዙ የሚሉ ፕሮቲኖች ይነሣሉ። በጭራው ሕዋሳት ውስጥ ደግሞ ቤቱን ከውስጥ የሚያፈርሱ ፕሮቲኖች ይነሣሉ፤ ቆይ፣ አትሙት እያሉ የሚጠብቁትም ፕሮቲኖች ይሸነፋሉ። እንግዲህ መልእክቱ አንድ ቢሆንም ሰሚው ለየቅል ነው። የእኔም ቋንጣ እንዲሁ ነበረች፤ ጎረቤቴን አሳቀች፣ እኒህን ሰው አስቆጣች።

ያን ቀን ያዳነኝ ግን አለማወቄ ነው።

«ውሸታም አላውቅም አይልም» አሉ ጢማቸውን እያሻሹ። «ቢሆንም በቤቴ ሞክሬ ካላየሁ አላምን። ጎመን በሎቹን ስጠኝ። ያንንም ነገር ቋጥርልኝ። ጭራው ተጠፋ ልጄ ያንተ ናት። ካልጠፋ ዓይንህን አልይ።»

ባለ ጭራዎቹን በቅል ቀድቼ፣ የደረቀችውን እጢ በጨርቅ ቋጥሬ ሰጠኋቸው። ጨርቁን ጋቢያቸው ሥር ደበቁት። የቀረውን የሰማሁት ከሚስቴ ነው። ታንኳው ላይ ከቅዳሴ የሚመለስ ሰው ሞልቶ ነበር፤ የንስሐ አባታቸውም አሉበት። መሐል ወንዝ ላይ ታንኳው ሲወዛወዝ ቋጠሮው ተፈታና ቋንጣው ከቄሱ ጉልበት ላይ ዱብ አለ።

«ምንድን ነው ይኸ?» አሉ ቄሱ።

«ለእንቁራሪት ነው» አሉ አማቴ።

እኔ ይህን ሳላውቅ ወረታ ተቀምጬ ተጨነቅሁ። ውኃው ቢሸትስ? አብዝተው ሰጥተው ቢገድሏቸውስ? ያለ እሷ ጥርን ሳስበው ወረታ ጠበበችኝ። ጳጉሜን አለፈ፤ ዘመን ተለወጠ። ከዚያ ከአማቴ «ና» የሚል መልእክት መጣልኝ።

ስደርስ አማቴ ደጃፍ ተቀምጠው ነበር። በእግራቸው ሥር አንዲት እንቁራሪት ዘለለች።

«ጭራው ጠፋ» አሉ። «የኔም ስም አብሮ ጠፋ። ተታንኳው ወዲህ አገሩ ሁሉ በጾም ቋንጣ በላ ይለኛል። የንስሐ አባቴ እንኳ ለእንቁራሪት ነው ባልኋቸው ቁጥር ይስቁብኛል።» ቀና ብለው አዩኝ። «እንግዲህ ላንተም ለኔም ተንቁራሪት በቀር ምስክር የለን። ሌላው ካላመነን እርስ በርሳችን እንዛመድ እንጂ። ለጥር ተዘጋጅ።»

ከጓዳ አንዲት ሴት ሳቋን መቆጣጠር አቅቷት ስትንከተከት ሰማሁ። የእጮኛዬን ድምፅ ስሰማ ያ የመጀመሪያዬ ነበር።