ሽማግሌ የመጣ ዕለት ደጃችን የወደቀችው ወፍ

ነገሩ የሆነው ባለፈው ክረምት ነው። ትዝ ባለኝ ቁጥር ዛሬም ደሜ ይፈላል፤ ትንሽም ያስቀኛል።

እኔና ሰይድ ለመጋባት ቆርጠናል። ሽማግሌዎቹ ከኮምቦልቻ ተነስተው ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ያለው ቤታችን በጠዋት መጡ። የሰይድ አክስት እትዬ ዘሐራም አብረው ነበሩ። መኪናውን የነዳው ሰይድ ውጭ ቀረ፤ እኔም እንደ ወጉ ጓዳ ተደብቄያለሁ።

ሌሊቱን ሲዘንብ አድሮ የግቢው ሊሾ ውሃ አቁሯል። እትዬ ዘሐራ በሩ ጋ ሲደርሱ ጮኹ። አንገቷ ቀላ ያለ፣ ጭራዋ የተቆረጠ የሚመስል ትንሽ ወፍ ሊሾው ላይ በደረቷ ትሳባለች። ልትቆም ትሞክርና ትደፋለች።

«ያ አላህ! ሽባ ወፍ በደጃቸው! ገዱ አላማረኝም፤ ይሄ ኒካህ ይቅርብን!»

አባቴ «ኧረ በዲናችን ገድ የሚባል ነገር የለም» ቢሉም ሰሚ አላገኙም። አንዱ ሽማግሌማ ሊገላት ከዘራውን አነሳ።

ፎጣ ይዤ ወጣሁ። እናቴ ቀሚሴን ብትጎትተኝም አልተመለስኩም። ወፏን ጠቅልዬ አቀፍኳት።

«ሽባ አይደለችም! የሐይቅ ወፍ ናት» አልኩ። ልጅ ሆኜ ክረምቱን ሐይቅ ከተማ አጎቴ ቤት ስለማሳልፍ አውቃታለሁ። «እግሯ ወደ ኋላ የወጣ ነው፤ ለዋና እንጂ ለመሬት አይሆናትም። ሊሾው ውሃ መስሏት አረፈች፣ ከመሬት ደግሞ መነሳት አትችልም። ካላመኑኝ እትዬ፣ አብረን ሐይቅ እንሂድና ይዩ!»

«ወይ ድፍረት! ሽማግሌ ፊት!» አሉ እትዬ ዘሐራ። ግን እልህ ያዛቸውና መኪናው ውስጥ ገቡ። ሽማግሌዎቹን አባቴ ለምነው አስቀመጧቸው።

ሐይቁ ዳር ፎጣውን ፈታሁ። ወፏ ውሃው እንደነካት ሰጠመች።

«ሞተች! አላልኩም?» አሉ እትዬ ዘሐራ። ሰይድ አቀረቀረ። እውነቱን ለመናገር እኔም የገደልኳት መሰለኝ።

ከዚያ ራቅ ብላ ብቅ አለች። ራሷን አራገፈችና ክንፏን እያማታች ውሃው ላይ ሮጠች። ሽባ የተባለችው ሮጠች!

እትዬ ዘሐራ ወፏ ከዓይናችን እስክትጠፋ አዩዋት። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩና «ነይ ግቢ፤ ሽማግሌዎቹን አስጠበቅናቸው» አሉኝ።

የሰይድ ዘመዶች እስከ ዛሬ «ሽማግሌ ፊት የወጣችው» ይሉኛል። አዎ፣ ወጥቻለሁ! ጓዳ ብቀመጥ ወፏም ትሞት፣ ኒካሁም ይቀር ነበር። አሁን ነፍሰ ጡር ነኝ። ሴት ከሆነች፣ ሽማግሌ በመጣ ቀን ጓዳ አላስገባትም።