ሸኹን ልታሞቅ የተሠራች ማንቆርቆሪያ

መቼ እንደነበር ልክ አድርጌ አላስታውስም። ጣሊያን ገብቶ ነበር፤ ኮምቦልቻም በመኪናና በባዶ ቆርቆሮ ተሞልታ ነበር፤ ይኸን አልረሳም። ያን ጊዜ ሰዉን ሁሉ አንድ አባዜ ያዘው፤ ሁለት ነገር አጋጥሞ አንድ አዲስ ነገር ማውጣት። አንዱ የመኪና ጎማን በጠፍር ሰፍቶ ጫማ አደረገው፤ እሱስ ደህና። ሌላው ጃንጥላን ከዱላ ጋር አጋጠመ። ዝናብ ሲመጣ አልዘረጋ አለው፤ ውሻ ሲመጣ ተዘረጋበት።

እኔም ቆርቆሮ ቀጥቃጭ ነበርኩና አልቀረሁም። ደሴ ዙሪያ አንዲት ልጅ አስጠይቄ፣ ሸኹ አባቷ «እስቲ በፊት የእጁን ሥራ ያሳየኝ» ብለው ነበር። ለሱብሂ፣ ለንጋቱ ሶላት፣ ሲነሱ የደሴ ውሃ እጃቸውን እንደሚቆረጥማቸው ሰማሁ። ስለዚህ ከጣሊያን ባዶ ቆርቆሮ፣ ከሥሯ የፍም ማስቀመጫ ያላት፣ ከሶላት በፊት የሚታጠቡባት የውዱእ ማንቆርቆሪያ ሠራሁላቸው። እንኳን ወሎ፣ ጣሊያን አገርም እንዲህ ያለ የለ ብዬ ኮራሁ። ቆርቆሮው ላይ የነበረው ሥዕል ስላማረኝም ከፊት አዋልኩት።

ከኮምቦልቻ ዳገቱን ወጥቼ ሰጠኋቸው። አገላብጠው ሲያዩ ሥዕሉ ላይ ቆሙ።

«ይኸ ምንድን ነው ልጄ?»

«በግ ነው ሸኽዬ። የተሸለተ።»

«ጆሮውስ?»

«የፈረንጅ በግ ነዋ።»

ጎረቤታቸው፣ ለጣሊያን ሰፈር ገለባ የሚሸጡ ክርስቲያን ሽማግሌ፣ አጎንብሰው አዩና ሳቃቸው አመለጣቸው።

«ምን በግ ነው! አሳማ ነው እንጂ። ጣሊያኖቹ ስቡን ነው የሚያሽጉበት።»

ሸኹ ማንቆርቆሪያዋን ጣል አድርገው እጃቸውን ከገላቸው አርቀው ያዙ። «አስተግፊሩላህ! በዚህ ታጥቤ ልሰግድ? እንካ፣ አንተ ውሰዳት!» አሉ ወደ ጎረቤታቸው ዞረው።

«ሸኽዬ ደግሞ! እኛ ክርስቲያኖችስ ብንሆን እንበላዋለን እንዴ?» አሉ ሽማግሌው።

ልጅቱ አመለጠችኝ ብዬ አንገቴን ደፋሁ። ሽማግሌው ግን ማንቆርቆሪያዋን በዓይናቸው ሲለኩ ቆዩና አነሷት። በውሃው ቦታ ደረቅ ኩበት፣ ከሥር ፍም ጨምረው ክዳኗን ገጠሙ። ጭሱ በማፍሰሻ ጡቷ ቀጥ ብሎ ወጣ። ይዘዋት ጓሮ ወደ ንብ ቀፏቸው ሄዱ፤ ተከተልናቸው። ሲተራመስ የነበረው ንብ ጸጥ አለ።

«ሸኽዬ፣ ንብ እንደሁ ምን ታሽጎባት ነበር ብላ አትጠይቅም!» አሉ ሽማግሌው።

ሸኹ ሳቁ። «ወላሂ እጁስ እጅ ነው። ዓይኑን እንግዲህ ልጄ ትጠብቅለት።»

ይኸው እስከ ዛሬ ትጠብቅልኛለች፤ ገበያ በግ ልገዛ ስወጣ እንኳ «አይተህ!» ትለኛለች። ከዚያ ጉድ ማን አወጣህ ለሚለኝ፣ ያወጡኝም፣ ኋላም ሽማግሌ ሆነው የጠየቁልኝም፣ እኒያው ባለ ቀፎው ክርስቲያን ጎረቤት ናቸው።