በብራናው ላይ የጨመርኋት ቃል

ከጎንደር ወደ ኮሶዬ በምትወጣው ሚኒባስ ውስጥ መስኮት አጠገብ ተቀምጬ ነበር። በጆሮ ማዳመጫዬ አንዲት ሴት ስፓኒሽ ታስተምረኛለች። ትምህርቱን የማወርደው በስልኬ ነው፤ ቋንቋም ሆነ ግጥም ያስተማረኝ ሰው የለም። የዚያ ቀን ተራ የመጻፍ ቃላት ነበር። እስክሪቢር ለሁሉም ይሆናል አለች፤ ለደብዳቤም ለግጥምም። እንዳይረሳህ ብለህ የስልክ ቁጥር ስትይዝ አኖታር ነው። ማመልከቻ አስበህ፣ መልክ አስይዘህ ስታዘጋጅ ሬዳክታር። ሕፃን ግድግዳ ሲሞነጫጭር ጋራባቴአር። ሌላው የጻፈውን እንዳለ ስትገለብጥ ደግሞ ኮፒያር። መኪናዋ ዳገቱን ስትይዝ ጉሙ መስኮቱን ሸፈነው። ቃላቱ ከዚያ ነጭ ነገር ውስጥ አንድ በአንድ እየወጡ የሚያዩኝ መሰለኝ።

አባቴ የብራና ጸሐፊ ናቸው። ዓይናቸውን ሞራ እየጋረደው ደብሩ የሚጠብቀው የጸሎት መጽሐፍ ከግማሽ ላይ ቆሞ ነበር። አንድ ደቀ መዝሙር ሞክረው እጁን ስላላመኑት መልሰውታል። ቀጥለው እኔን አስጠሩኝ፤ እኔንም ከመለሱኝ መጽሐፉ እንደ ጎደለ ይቀራል። የጀመሩትን ሳይጨርሱ መቅረት ለእሳቸው ከመታወርም ይብስ ነበር።

ስደርስ የተማርኋቸውን ቃላት ነገርኋቸው። ሳቁ።

«ለአንድ ሥራ አምስት ቃል? ሀብታሞች ናቸው። እኛ አንዱንም በቅጡ አልቻልነው።»

ደንቡን የማውቀው ከልጅነቴ ጀምሮ ነው። በጥቁር ቀለም ይጻፋል፤ ቅዱስ ስም ሲመጣ ቦታው ክፍት ይተዋል፤ በኋላ በቀይ ይሞላል። ጸሐፊው ከራሱ ምንም አይጨምርም። ሦስት ቀን እንዲያ ጻፍሁ። የመቃ ብዕሩ ብራናውን ሲነካ የሚያሰማው ድምፅ ያፈዝዛል፤ አንዳንዴ እጄ የማን እንደሆነ ይጠፋኝ ነበር።

በአራተኛው ቀን ረፋድ ላይ ስለ ተራሮች የሚናገር ስንኝ ደረሰኝ። ቃሉ አለቀና በመስመሩ ጫፍ ትንሽ ቦታ ተረፈ። ቀና ስል ጉሙ ከገደሉ ሥር እየተነሣ በመስኮቱ ሊገባ ደርሷል። መቃውን ነከርሁና ጊሜ ብዬ ጻፍሁ። በግእዝ ጉም ማለት ነው። ከዚያ በፊት ከጻፍሁት ሁሉ እሷ አማረችኝ።

አባቴ በየገጹ መጨረሻ የጻፍሁትን ጮክ ብዬ እንዳነብላቸው ያዝዛሉ። ዓይናቸው ቢደክምም መጽሐፉ በቃላቸው ነው። ስንኙ ጋ ስደርስ ቃሌን ዘልዬ ማለፍ እችል ነበር፤ አያዩማ። ግን ጣቴን ቃሏ ላይ አድርጌ ቆምሁ።

«ምነው ቆምህ?»

አነበብሁት። ራሳቸውን ዘንበል አደረጉ።

«ከማን ቀዳኸው?»

«ከማንም፣ አባባ። የራሴ ነው።»

እንደ ደቀ መዝሙሩ የሚመልሱኝ መስሎኝ መቃውን አስቀመጥሁ።

«ሸጋ ቃል ናት» አሉ። «ግን እዚህ መጽሐፍ ላይ ሰው እየጸለየ የሚያለቅሰው አንተን ብሎ አይደለም። ለእሷ ሌላ ብራና ፈልግላት።» ከፍራሹ ሥር ትንሿን ካራ አውጥተው ሰጡኝ። «ፋቃት። ቀስ ብለህ፣ ቆዳው እንዳይበሳ።»

ፋቅሁ። ጥቁሩ ዱቄት ሆኖ ጉልበቴ ላይ ወደቀ። አባቴ በጣታቸው ቦታውን ዳበሱት፤ ከሌላው ትንሽ ሳስቷል። ስታነብ ብትዘልላት ኖሮ ዛሬውኑ ወደ ከተማ እሸኝህ ነበር አሉኝ፤ እንዴት ሊያውቁ እንደሚችሉ አልጠየቅኋቸውም።

«በል ቀጥል፤ ቀለሙ ይደርቃል።»

ቀጣዩን መስመር ጀመርሁ። እሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው አጠገቤ ተቀመጡ፤ ከንፈራቸው ከእጄ አንድ ቃል ቀድሞ ይንቀሳቀስ ነበር።