ማጫ የሆነው ወፍጮና የሞጣው በርሜል

ታላቅ ወንድሜ ቢቸና ዳር ያለውን የናፍጣ ወፍጮውን ለሴት ልጁ ማጫ ሊሰጥ ለሙሽራው ወገን ቃል ገባ። ሽማግሌዎቹ «ሲሠራ በዓይናችን እንየው» ብለው ቀን ቆረጡ። ናፍጣ ደግሞ ከከተማው ከጠፋ ሰነባብቷል።

ወንድሜ ጋሼ ወደ ሞጣ ሄዶ አንድ በርሜል ከባድ ጥቁር ናፍጣ አስጭኖ መጣ። የሸጠለት ነጋዴ፣ እግዜር ይስጠውና፣ «ይኼ ለፋብሪካ ምድጃ እንጂ ለወፍጮ አይሆንም» ብሎት ነበር። ጋሼ ግን ዋጋ ሊያስወድድብኝ ነው ብሎ ጭራሽ ልቡ ከጀለ።

የኬሚስትሪ አስተማሪ ነኝና ዝም ማለት አቃተኝ። «ጋሼ፣ አረቄው ወጥቶ አተላው እንደሚቀረው፣ ይኼም ቤንዚኑ፣ ነጭ ጋዙና ናፍጣው ከወጡ በኋላ የቀረው ነው። ድኝ አለው፣ አመድ አለው። መርከቡም የሲሚንቶ ፋብሪካውም አሙቀው ነው የሚያነዱት» አልኩት።

«ማሞቅ ብቻ ነው? እሳት መች ጠፋ» አለኝ።

ከዚያማ ምን ልበላችሁ፤ ለሠርጉ ወጥ የመጣው ትልቁ ብረት ድስት ተጣደ። ጥቁሩ ነገር እንደ ገንፎ ተንፈቀፈቀ። ጋሼም እንደ ጠላ በነጠላ አጠለለው፤ አተላ አጥልሎ ጠላ ሊያወጣ። ነጠላው የእኔ ነበር፤ እስከ ዛሬ አንጀቴ ያራል።

ሽማግሌዎቹ የታጠበ ጋቢያቸውን ለብሰው መጡ። ሞተሩ በተረፈችው ጥቂት ናፍጣ ተነሣ፤ ጋሼ ወደ ጥቁሩ አዞረው። ጭሱ ወፍጮ ቤቱን ዋጠው፤ ጥላሸቱ ጋቢው ላይ ወረደ። አንደኛው ሽማግሌ እያሳላቸው «ጉልበትስ አለው» አሉ፤ ይሉኝታ የማያስብለው የለም። ወዲያው ሞተሩ አጓርቶ ቀጥ አለ። ጋሼ «ደክሞት ነው» አለ። የተጠራው መካኒክ በበኩሉ ናፍጣ የሚገፋው ፖምፓ አይድንም ብሎ ሄደ።

ሽማግሌዎቹ ተማከሩ። ጠላው ተጠምቋል፣ ሰው ተጠርቷል። «ሲሠራ እንየው አልን፣ አየነው» ብለው ማጫውን ተቀበሉ።

የተረፈውን ጥቁር ናፍጣ ጋሼ የልጁን አዲስ ቤት ምሰሶ ቀባበት። ምስጥ ዝር አላለም፤ ለመጣ ለሄደው ሁሉ እሱኑ ያሳያል። ባለፈው ቅዳሜ ልጅቱን የሌላ ሰው ወፍጮ ቤት ደጅ አገኘኋት፤ ጤፏን ከፊቷ አድርጋ ተራ ትጠብቃለች።

«አክስቴ፣ እዚህ እንዳየሽኝ ለአባዬ እንዳትነግሪው» አለችኝ። «የእኔን ወፍጮ ዛሬም ‹ደክሞት ነው› ነው የሚለው።»